የካሳ ጣሪያ፦ ሐኪም ሲሳሳት ስንት ይከፈላል? የሚወስነውስ ማን ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ጎረቤታሞች ናቸው። መንገድ ካልተዘጋጋ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው። በሦስቱም የእኛ ሰው በብዛት ይኖራል፤ ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ይታከማል። በሐኪም ቸልተኝነት ዕድሜ ልኩን የሚጎዳ ሰው ግን የሚያገኘው ካሳ ከሦስቱ በየትኛዋ እንደታከመ ይለያያል።

በዲሲ ሕግ ካሳው ላይ የተቀመጠ ጣሪያ የለም። በሜሪላንድ ለሕክምና ወጪና ለቀረ ደመወዝ የሚከፈለው አይገደብም፤ ለሥቃይና ለተጓደለ ኑሮ የሚከፈለው ግን በ2025 ለደረሰ ጉዳት ከ905,000 ዶላር አያልፍም። ይህ መጠን በየዓመቱ 15,000 ዶላር ይጨመርበታል። ቨርጂኒያ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልላ ትገድባለች፦ የሕክምና ወጪው፣ የቀረው ደመወዝና ሥቃዩ ተደምረው፣ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለተፈጸመ ስህተት ከ2.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አይከፈልም። ጣሪያው እስከ 2031 ድረስ በየጁላይ 50,000 ዶላር ከፍ ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩነቱ ፖለቲካ የወለደው ነው። አሜሪካኖች በሕክምና ስህተት የሚቀርብ ክስ ይገደብ ወይስ አይገደብ በሚለው ላይ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲሟገቱ ኖረዋል። ሙግቱ ብዙውን ጊዜ የሐኪምና የጠበቃ ጠብ ሆኖ ይቀርባል፤ አንዱ ወገን «ስግብግብ ጠበቆች ሐኪሞቻችንን አባረሩ» ሲል፣ ሌላው «የመድን ድርጅቶች የተጎጂን አፍ ዘጉ» ይላል። በዚህ ጩኸት መሃል የሚሰወረው ጥያቄ ጣሪያው የሚያርፈው ማን ላይ ነው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ ያንን ለማሳየት ይሞክራል።

ስህተት የሚባለው ምንድን ነው?

ሕክምናው ስላልተሳካ ብቻ ሐኪም አይከሰስም። በሽተኛው ሊሞት ይችላል፣ ቀዶ ጥገናው ላይሰምር ይችላል፤ ሐኪሙ ሙያው የሚጠይቀውን ካደረገ ጥፋት የለበትም። ከሳሹ አራት ነገሮችን ማስረዳት አለበት። አንደኛ፣ ሐኪሙ እርሱን የማከም ግዴታ እንደነበረበት። ሁለተኛ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ያለ ጠንቃቃ ሐኪም የሚያደርገውን እንዳላደረገ። ሦስተኛ፣ ጉዳቱን ያመጣው በሽታው ሳይሆን ይኸው ጉድለት መሆኑን። አራተኛ፣ የደረሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለማስረዳት በዚያው የሕክምና ዘርፍ የሚሠራ ሌላ ሐኪም በምስክርነት መቆም ይኖርበታል፤ ለጊዜውም ይከፈለዋል። ክሱን ውድ የሚያደርገው በዋናነት ይህ ነው።

ካሳው በሁለት ይከፈላል። አንዱ በደረሰኝና በደመወዝ ወረቀት የሚቆጠረው ነው፦ ያለፈውና ወደፊት የሚመጣው የሕክምና ወጪ፣ የቀረው ገቢ፣ የአስታማሚ ክፍያ። ሌላው በገንዘብ የማይተመነው ነው፦ ሕመሙ፣ የተቆረጠ እግር፣ የጠፋ ዓይን፣ ልጅ መውለድ አለመቻል፣ የቤተሰብ ሐዘን። አገር ቤት «የሞራል ካሳ» የምንለው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። «ክስ ይገደብ» ሲባል በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች የሚገደበው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት የጠበቃው አከፋፈል ነው። በዚህ ዓይነት ክስ ከሳሹ ለጠበቃው ከኪሱ አያወጣም። ጠበቃው ከተሸነፈ አንዳች አያገኝም፤ ካሸነፈ ከካሳው ሲሶውን፣ አንዳንዴም አርባ በመቶውን ይወስዳል። የባለሙያ ምስክሮችንና የመዝገብ ወጪውንም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያወጣው እርሱ ነው። ስለዚህ ጠበቃው ጉዳዩን ሲቀበል «ደንበኛዬ ተበድሏል ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «ያወጣሁትን ይመልስልኛል ወይ?» ብሎም ያሰላል። ወደዚህ ስሌት በኋላ እንመለሳለን።

ነገሩ የተጀመረው ካሊፎርኒያ ነው

በ1970ዎቹ አጋማሽ የካሊፎርኒያ የመድን ድርጅቶች ሐኪሞችን የሚጠይቁትን አረቦን በአንዴ ሰቀሉት። ከገበያው ጥለው የወጡም ነበሩ። በ1975 በሰሜን ካሊፎርኒያ ማደንዘዣ የሚሰጡ ሐኪሞች ሥራ አቆሙ፤ አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ጥገና ተስተጓጎለ። በዚያው ዓመት ገዥው ጄሪ ብራውን «ማይክራ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ለሥቃይ የሚከፈለውን ካሳ በ250,000 ዶላር ገደበ፤ የጠበቃውንም ድርሻ ካሳው እየጨመረ ሲሄድ እንዲቀንስ አደረገ። ፈራሚው ዴሞክራት መሆናቸው ልብ ይባል። ነገሩ የሪፐብሊካኖች መፈክር የሆነው በኋላ ነው።

ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን አንድ ነገር አልጨመሩበትም፤ ገንዘቡ ከኑሮ ውድነት ጋር አብሮ ከፍ እንዲል የሚያደርግ አንቀጽ። 250,000 ዶላር 47 ዓመት ሙሉ ሳይነቃነቅ ቆየ። በ1975 የነበረውን የመግዛት አቅም ይዞ ለመቆየት በ2022 ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ዶላር በላይ መሆን ነበረበት። ማንም ድምፅ ሳይሰጥበት ጣሪያው በየዓመቱ ዝቅ እያለ ሄደ ማለት ነው።

በ2014 ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ የቀረበውን ሐሳብ የካሊፎርኒያ መራጮች በሰፊ ልዩነት ውድቅ አደረጉት። በ2022 ሌላ የምርጫ ፍልሚያ ሊከፈት ሲል ግን ሐኪሞቹና ጠበቆቹ ለሁለቱም ወገን የሚያስወጣውን ገንዘብ አስበው ተስማሙ። ገዥው ጋቪን ኒውሰም በፈረሙት አዲስ ሕግ መሠረት ከ2023 ጀምሮ ጣሪያው በሽተኛው ካልሞተ 350,000፣ ከሞተ 500,000 ዶላር ሆነ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደ 750,000 እና ወደ አንድ ሚሊዮን ያድጋል። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ሁለት በመቶ ይጨምራል።

ተመሳሳይ ነገር በእኛም አገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከአንድ ሺህ ብር ሊበልጥ እንደማይችል ደንግጓል። በዘመኑ አንድ ሺህ ብር ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ አይሸፍንም። ሕግ አውጪ በቁጥር ከገደበና ቁጥሩ የሚያድግበትን መንገድ ካላበጀ፣ ገደቡ ከጊዜ በኋላ መብቱን ራሱን ይበላዋል።

የሐኪሞቹ ወገን

የሐኪሞቹ ሥጋት ፈጠራ አይደለም። በ2001 መጨረሻ በአሜሪካ በዚህ ዘርፍ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው ሴንት ፖል የተባለው የመድን ድርጅት ለሐኪሞች ዋስትና መስጠት እንደሚያቆም አስታወቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች አዲስ መድን ፍለጋ ገቡ፤ ያገኙትም ዋጋው ንሮ ጠበቃቸው። በጁላይ 2002 በላስ ቬጋስ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የከባድ አደጋ ማዕከል፣ ቀዶ ሐኪሞቹ በአረቦን ምክንያት ሥራ ስለለቀቁ፣ አሥር ቀን ተዘጋ። በጃንዋሪ 2003 በዌስት ቨርጂኒያ ቀዶ ሐኪሞች ሥራ አቆሙ። ከሁሉም በላይ የተመቱት አዋላጅ ሐኪሞች፣ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች፣ የአጥንት ሐኪሞች ነበሩ። አዋላጅ ሐኪም ሲሳሳት የሚጎዳው ገና ሰባና ሰማንያ ዓመት የሚኖር ሕፃን ስለሆነ ካሳውም ከባድ ይሆናል።

በዚህ ላይ የሐኪሙ ክብር አለ። ክሱ ውድቅ ቢሆንም ዓመታት ይፈጃል፤ ሐኪሙ በጥያቄ ይፋጠጣል፤ ስሙ ይነሳል። ስለዚህ ብዙዎች «ለማንኛውም» እያሉ የማያስፈልግ ምርመራ ያዛሉ፦ ራሱን ለመታ ሁሉ ሲቲ ስካን፣ ደረቱን ለወጋው ሁሉ ሙሉ ምርመራ። ትእዛዙ ለበሽተኛው ብቻ የታሰበ አይደለም፤ ነገ ለሚመጣው ጠበቃም ጭምር ነው። ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ በሽተኛው፣ አሠሪውና ግብር ከፋዩ ነው። በዚህ ወገን ክርክር ካሳው ከተገደበ የመድን ድርጅቱ አደጋውን አስቀድሞ ማስላት ይችላል፤ አረቦኑ ይቀንሳል፤ ሐኪም አገር ጥሎ አይሄድም፤ የሕክምናም ዋጋ ይረክሳል።

ይህን ክርክር እስከ ጥግ የሄደችበት ቴክሳስ ነች። በ2003 የወጣው ሕግ ለሥቃይ የሚከፈለውን ካሳ፣ የተከሰሱት ሐኪሞች ስንትም ይሁኑ፣ በ250,000 ዶላር ገደበ። ሆስፒታሎችና ሌሎች ተቋማት ከተጨመሩ ጠቅላላው ከ750,000 አያልፍም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለተሠራ ስህተት ተራ ቸልተኝነትን ማስረዳት ብቻውን በቂ መሆኑ ቀረ። ከሳሹም የባለሙያ ጽሑፍ በ120 ቀን ውስጥ ካላቀረበ ክሱ ይሰረዛል። ፍርድ ቤት እንዳያፈርሰው ሕገ መንግሥቱ ራሱ እንዲሻሻል በሴፕቴምበር 13 ቀን 2003 ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ 51 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ከዚያ በኋላ የክሱም የክፍያውም ቁጥር አሽቆለቆለ፤ አረቦንም ወረደ። እስከዚህ ድረስ የሐኪሞቹ ወገን ያለው ሆኗል።

ጣሪያው ማን ላይ ያርፋል?

አሁን ወደ ጠበቃው ስሌት እንመለስ። በቴክሳስ የሚኖሩ ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሁለቱም ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ ሁለቱም ቁስሉ ሲመረቅዝ ሐኪሙ በቸልተኝነት ሳያየው ቀርቶ አንድ እግራቸው ተቆርጧል። ሆስፒታሉ ጥፋት የለበትም እንበል።

አንደኛው የ35 ዓመት የኮምፒውተር መሐንዲስ ነው። በዓመት 150,000 ዶላር ያገኛል፤ ከዚህ በኋላ መሥራት አይችልም። እስከ 65 ዓመቱ የሚቀርበት ደመወዝ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህ አይገደብም። ጣሪያው የሚነካበት ለሥቃዩ ከሚከፈለው ላይ ብቻ ነው። ጠበቃ ይሻማበታል።

ሁለተኛዋ የ72 ዓመት እናት ናቸው። ልጃቸው አስመጥታቸው የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ፤ ቤቱ የቆመው በእርሳቸው ነው፤ የደመወዝ ወረቀት ግን የላቸውም። የሕክምናውን ወጪ የመንግሥት የጤና መድን (ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ) ከፍሎ ከሆነ ከካሳው ላይ መልሶ ይጠይቃል። ለእርሳቸው የሚተርፈው የሥቃይ ካሳው ብቻ ነው፤ እርሱም ከ250,000 አያልፍም። ጠበቃው አርባ በመቶ ቢወስድ 100,000 ዶላር ይሆናል። የምስክሮችና የሰነድ ወጪው 80,000 ዶላር ቢደርስ፣ ሁሉ ነገር ተሳክቶ፣ ዓመታት ተሟግተው ለእናት የሚተርፋቸው 70,000 ነው። ጠበቃው ደግሞ 80,000 ዶላሩን ያወጣው ከራሱ ኪስ ነው፤ ከተሸነፈ ይከስራል። ስለዚህ በትሕትና «አዝናለሁ፣ ጉዳዩን መያዝ አልችልም» ይላቸዋል። የተበደሉ መሆናቸውን ሳይጠራጠር ነው እንዲህ የሚለው።

የጣሪያው ትልቁ ጉልበት ያለው እዚህ ነው። ዳኛ ፊት የቀረበውን ካሳ ከመቀነሱ በፊት፣ ብዙውን ክስ ከጠበቃው ቢሮ በር ይመልሰዋል። የሚመለሱት ደግሞ ደመወዝ የሌላቸው ወይም ደመወዛቸው ትንሽ የሆነ ናቸው፦ ሕፃናት፣ ጡረተኞች፣ የቤት እመቤቶች፣ አካል ጉዳተኞች፣ በትንሽ ክፍያ የሚሠሩ። ቀላል ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሳው ቀድሞም ጣሪያውን አይነካም፤ ጣሪያው የሚያገኘው ከሁሉም የባሰ ጉዳት የደረሰበትን ነው። «የማይረባ ክስ እናስቁም» ተብሎ የወጣው ሕግ የሚቆርጠው፣ ፍርድ ቤት አይቶ ከባድ ነው ካለው ካሳ ላይ ነው። የማይረባ ክስ ከፍተኛ የሥቃይ ካሳ አያስፈርድምና።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ሁለቱም ወገን ለክርክሩ የሚጠቅሰው ጥናት አለው። ደግነቱ ታላላቆቹ ጥናቶች ለማንም ሙሉ በሙሉ አያዳሉም።

የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ1984 በኒው ዮርክ ሆስፒታሎች ተኝተው ከታከሙ ሰዎች ከ30,000 በላይ የሕክምና መዝገብ መረመሩ። ከመቶ ወደ አራት የሚጠጉት በሕክምናው ራሱ ተጎድተው ነበር፤ ከተጎዱት ከሩብ በላይ የሆኑት በቸልተኝነት ነው። መዝገቡ ከክስ ፋይሎች ጋር ሲመሳከር፣ በቸልተኝነት ከተጎዱት 280 ሰዎች ክስ ያቀረቡት 8 ብቻ ሆነው ተገኙ። ተጎድተው የማይከሱት እጅግ ብዙ ናቸው ማለት ነው። ግን ደግሞ ተመራማሪዎቹ ካገኟቸው 47 ክሶች 39ኙ በመዝገቡ ላይ ቸልተኝነት አልታየባቸውም። ሐኪሞቹ «ያለ ጥፋታችን እንከሰሳለን» የሚሉትም እውነትነት አለው።

በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት 1,452 የተዘጉ ክሶችን ተመለከተ። ከመቶ 37ቱ ላይ የሐኪም ስህተት አልተገኘም፤ ሆኖም ከእነዚህ አብዛኞቹ ካሳ ሳይከፈልባቸው ተዘግተዋል። ፍርዱ፣ እየተንገዳገደም ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ይደርሳል። ችግሩ መንገዱ ላይ የሚባክነው ነው፦ ለተጎጂዎች ከተከፈለው ከእያንዳንዱ ዶላር ጋር ሲነጻጸር 54 ሳንቲም ለጠበቆች፣ ለምስክሮችና ለሙግቱ ወጪ ሄዷል።

የሕክምና ዋጋ ይረክሳል የሚለውስ? የአሜሪካ ኮንግረስ የበጀት ቢሮ በ2009 ባወጣው ግምት፣ ጣሪያን ጨምሮ ጠንካራ የሚባለው ገደብ ሁሉ በመላ አገሪቱ ቢወጣ የአገሪቱ የጤና ወጪ በግማሽ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቁጠባ ነው፤ ግን በሽተኛው በሂሳቡ ላይ የሚያየው አይደለም። በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት የክስ ሥርዓቱን ጠቅላላ ወጪ፣ ለማንኛውም ተብሎ የሚታዘዘውን ምርመራ ጭምር፣ ከጤና ወጪው 2.4 በመቶ አድርጎ ገምቶታል። ቴክሳስን የተከታተሉ ተመራማሪዎችም ከ2003 በኋላ የሜዲኬር ወጪ ከሌላው ክፍለ ግዛት ተለይቶ እንዳልቀነሰ፣ ሐኪሞችም ጎርፈው መጡ የሚባለው በቁጥሩ እንዳልተደገፈ ጽፈዋል። የክስ ፍርሃት አንዴ የገባበት ሐኪም ጣሪያ ስለተበጀ ምርመራ ማዘዙን አይተውም፤ በምርመራው የሚያተርፍ ሆስፒታልም አይተወውም።

አረቦን ስለሚንርበት ምክንያት የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 ሲመረምር ዋናው ምክንያት ለካሳ የሚከፈለው ገንዘብ መጨመሩ እንደሆነ አገኘ። ብቻውን ግን አልነበረም። የመድን ድርጅቶች የሰበሰቡትን አረቦን በቦንድና በመሰል ነገር ያራቡታል፤ በ1990ዎቹ ትርፉ ደህና ስለነበር ደንበኛ ለመሳብ አረቦኑን አርክሰው ሸጡ፤ ትርፉ ሲወርድ በአንዴ ሰቀሉት። ስለዚህ የአረቦን ቀውስ በየአሥርና በየአሥራ አምስት ዓመቱ ይመላለሳል። የጣሪያ ጥያቄም አብሮ ይመጣል።

ዋሽንግተን ላይ ለምን አላለፈም?

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ በመላ አገሪቱ የ250,000 ዶላር ጣሪያ እንዲደረግ ግፊት አድርገው ነበር። የተወካዮች ምክር ቤቱ በማርች 2003 አሳለፈው፤ ሴኔቱ ውስጥ ግን በቂ ድምፅ አጥቶ ቀረ። በ2004ቱ ምርጫ የዴሞክራቶቹ ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ ጆን ኤድዋርድስ ሆስፒታሎችን በሚከሱ ተጎጂዎች ጠበቃነት የበለጸጉ ሰው ስለነበሩ ነገሩ የምርጫ ዘመቻ ሆኖ አረፈ። በ2017ም የተወካዮች ምክር ቤቱ ተመሳሳይ ረቂቅ በ218 ለ210 ድምፅ አሳልፎ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አልተራመደም።

የኃይል አሰላለፉ ግልጽ ነው። የሐኪሞች ማኅበራት፣ ሆስፒታሎችና የመድን ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ሪፐብሊካኖችን ይደግፋሉ፤ የከሳሽ ጠበቆች ማኅበራት ዴሞክራቶችን። ሁለቱም ወገን ገንዘብ አለው። ገና ያልተጎዳው በሽተኛ ግን ማኅበር የለውም፤ ነገ እርሱ ላይ እንደሚደርስ አያውቅምና።

ሌላው መሰናክል ፍርድ ቤት ነው። ኢሊኖይ ሦስት ጊዜ ጣሪያ አወጣች፤ የክፍለ ግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976፣ በ1997ና በ2010 ሦስቱንም አፈረሰ። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 «በጁሪ የመዳኘት መብትን ይጥሳል» ብሎ ሻረ። ፍሎሪዳም በ2014ና በ2017 ሽራለች። አሪዞና፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ኬንታኪና ዋዮሚንግ ደግሞ ካሳን መገደብ የሚከለክል አንቀጽ በየሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አላቸው። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ ያለው የካሳ ሕግ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት የሚዘበራረቀው።

ከጣሪያ ሌላ መንገድ

ነገሩን ከሥሩ የያዙት አገሮችና ተቋማት ጥያቄውን ቀየሩት፤ «ስንት ይከፈል?» ከማለት በፊት «ምን ተፈጠረ?» ብለው ጠየቁ።

የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ2001 ጀምሮ ስህተት ሲፈጸም ራሱ መርምሮ ለበሽተኛው መንገር፣ ጥፋቱ የእርሱ ከሆነ ይቅርታ ጠይቆ ካሳ ማቅረብ፣ ካልሆነ ደግሞ ሐኪሙን ቆሞ መከላከል ጀመረ። ጠበቆች «ይቅርታ ማለት ክስ መጋበዝ ነው» ሲሉ የኖሩት አልደረሰም፤ ክሱም ወጪውም ቀነሰ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚከሰው እውነቱን የሚነግረው ሲያጣ ነው።

ቨርጂኒያና ፍሎሪዳ በወሊድ ጊዜ ከባድ የአንጎል ጉዳት ለደረሰባቸው ሕፃናት፣ የማን ጥፋት ነው ሳይባል የሚከፍል ፈንድ በ1980ዎቹ መጨረሻ አቋቋሙ። ኒው ዚላንድ ደግሞ ከ1974 ጀምሮ ለአካል ጉዳት በፍርድ ቤት መክሰስን በአብዛኛው አስቀርታ፣ የተጎዳ ሁሉ ከመንግሥት ተቋም እንዲካስ አድርጋለች። ካሳው ከአሜሪካው ያነሰ ነው፤ የሚደርሰው ግን ለብዙ ሰው ነው፤ ጠበቃ «ጉዳይህ አያዋጣኝም» ብሎ የሚመልሰውም የለም። ይህም ነቀፌታ አለበት፦ የሚከፍለው ተቋም ንፉግ ሲሆን ማን ይጠየቃል? ጥፋተኛው ሐኪምስ በምን ይቀጣል? ቢሆንም የመብት መገደብ በሌላ መብት መካካስ እንዳለበት ያሳያል። የአሜሪካው ጣሪያ ግን ከበሽተኛው ይወስዳል እንጂ በምትኩ የሚሰጠው ነገር የለም።

አሜሪካ ላለ አንባቢ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ክስ የሚቀርብበት ጊዜ (ይርጋው) አጭር ነው። በቨርጂኒያና በቴክሳስ በአብዛኛው ሁለት ዓመት፣ በዲሲ ሦስት ዓመት ነው። በሜሪላንድ ጉዳቱ ከታወቀ ሦስት ዓመት ወይም ከደረሰ አምስት ዓመት፣ ቀድሞ የሞላው ይይዛል። ለሕፃናት የተለየ ደንብ አለ።

በፌደራል መንግሥት ድጎማ የሚሠሩ የሰፈር ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ መድን የሌላቸው ብዙ ስደተኞች የሚታከሙት እዚያ ነው። እዚያ ለተፈጸመ ስህተት ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ራሱ የአሜሪካ መንግሥት ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት በሁለት ዓመት ውስጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ አቤቱታ መግባት አለበት፤ ጁሪም የለም። ይህን ሳያውቁ ቀን ያለፈባቸው አሉ።

የሕክምና መዝገብዎን ሙሉ ቅጂ የማግኘት መብት አለዎት፤ ለመክሰስ ባያስቡም ይውሰዱት። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ማለትም አብዛኞቹ፣ እንግሊዝኛ ለማይችል በሽተኛ ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለእናቱ የቀዶ ጥገና ስምምነት ማስተርጎም የለበትም። አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ መጠየቅዎም መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። መድኃኒቱ በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ ባለመግባባት ከሚደርስ ጉዳት፣ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያድነው ይህ ነው።

ዜግነት ያለዎት ከሆነ ደግሞ የካሳ ጣሪያ ጉዳይ አንድ ቀን ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ወይም በተወካይዎ ንግግር ውስጥ ይመጣል። ያኔ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበጃል። ቁጥሩ ከኑሮ ውድነት ጋር ያድጋል ወይስ እንደ ካሊፎርኒያው ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይቆማል? ደመወዝ የሌለው ሰው ሲጎዳ ጠበቃ ያገኛል ወይ? በሽተኛው ለሚተወው መብት በምትኩ ምን ይሰጠዋል? የሐኪሞች መሸሽ እውነተኛ ችግር ሊሆን ይችላል፤ አረቦኑንም መርዳት ተገቢ ይሆን ይሆናል። ለሦስቱ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ሕግ ግን የሐኪሙን ሸክም አቅልሎ ሸክሙን ከሁሉም በላይ በተጎዳው በሽተኛ ጫንቃ ላይ የሚያስቀምጥ ነው፤ ያንን ቁርጥ አድርጎ መናገር የሚችለው መራጩ ነው።